ጋዝ ከመጨመራችሁ በፊት የኤሲውን ሳጥን እዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቆየ መኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ባለ ቁጥር «ጋዝ ይጨመርበት» የሚባለው ልማድ እንዲቀር ነው ይህን የምንጽፈው። ጋዙ ሳይጎድል ሲጨመርበት ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ቅዝቃዜው ይብስበታል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰሩም፣ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ያለቀው ጋዙ ሳይሆን የሳጥኑ ስፖንጅ ነው።

በቆዩት ቶዮታ ኮሮላዎች ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ይገኛል። በአንድ በኩል ከነፋሹ፣ በሌላው ከማሞቂያው ጋር ይጋጠማል፤ አየሩን የሚያቀዘቅዘውን ባለ ክንፍ ክፍል፣ ኢቫፖሬተሩን፣ የያዘው እሱ ነው። መጋጠሚያዎቹ፣ የኢቫፖሬተሩ ዙሪያና ቱቦዎቹ ወደ ሞተር የሚያልፉበት ቀዳዳ በስፖንጅና በላስቲክ የታፈኑ ናቸው። ስፖንጁ ሃያ ሠላሳ ዓመት እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ኖሮ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ የቡና አተላ ይፈረፈራል። አየር ደግሞ የቀለለውን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ በኢቫፖሬተሩ ክንፎች መሃል ከመጭመቅ በጎኑ ባለው ክፍተት ያልፋል፣ ሳይቀዘቅዝም ፊታችን ላይ ይደርሳል። የቱቦዎቹ ቀዳዳ ከተከፈተ ጉዳዩ ከቅዝቃዜም ያልፋል። የሞተሩ ሙቀት ይገባል፤ ጭስ ማውጫው የሚያፈስ ከሆነም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮት ይገባል። ይህን ቀዳዳ ሳይደፍኑ መኪናውን ለባለቤቱ ማስረከብ ተገቢ አይደለም።

ለምርመራው አንድ ሰንደል ይበቃል። የዳሽቦርዱን ኪስ አውርዱ፣ ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሹን መጨረሻው ላይ አድርጉት፣ የሚጨሰውን ሰንደል በመጋጠሚያዎቹ ዳር ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጭሱ ተገፍቶ የሚበተንበት ቦታ አየሩ የሚባክንበት ነው። ምን ጋዝ እንደተሞላ ካልታወቀ ወይም መፍሰስ ከተጠረጠረ ግን እሳት አይጠጋም፤ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ያንኑ ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ ኤሲው እየሠራ ደግሞ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን የሙቅ ውኃ ጎማ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቆንጥጡት። ነፋሱ ቀዝቀዝ ካለ የማሞቂያው ቫልቭ እየዘጋ አይደለም ማለት ነው፤ የሳጥኑ ስፖንጅ ቢቀየርም ያ ብቻውን አይፈታውም።

በእጅ የሚደረስባቸው መጋጠሚያዎች ጋዙ ሳይነካ ይደፈናሉ። ኢቫፖሬተሩ መውጣት ካለበት ግን ጋዙ በማሽን ይሰብሰብ፤ አየር ላይ አይለቀቅ። ቱቦዎቹ እንደተፈቱ አፋቸው ወዲያው ይታሸግ፤ የኮምፕሬሰር ዘይት እርጥበት ይስባል።

አሁን ወደ ስፖንጁ። የፍራሽ ስፖንጅ እየተቆረጠ ሲገባ እናያለን፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብሳል። የሚያስፈልገው አየርም ውኃም የማያሳልፍ የላስቲክ ስፖንጅ ነው፤ የፍሪጅና የኤሲ ጠጋኞች የመዳብ ቱቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁሩ ዓይነት ይሆናል። ስትገዙ ቁራጩን አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሽ ካሳለፈ ተዉት። ውፍረቱ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚጨመቅ ይሁን፤ ለ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከወፈረ የሳጥኑ ሁለት ግማሾች አይገጥሙም፤ በብሎን አስገድዳለሁ ካላችሁ ብሎኑ የሚገባበት የደረቀው ፕላስቲክ ጆሮ ይሰበራል።

አሮጌው ስፖንጅ ተፍቆ ይውጣ፣ ፕላስቲኩም በአልኮል ይጠረግ። ቤንዚን ፕላስቲክ ያበላሻል፣ ሽታውም አይለቅም። ማስቲሹን በስፖንጁም በፕላስቲኩም ፊት ቀብታችሁ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ ጠብቁና ጫኑት። ለቱቦዎቹ ቀዳዳ የማይደርቀው ጥቁር ማሸጊያ ሊጥ፣ ቡቲል፣ ይሻላል፣ ነገ ሲፈታ አያስቸግርም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ አሲዱ ብረት ይበላል።

ሁለት ነገሮች ሲዘነጉ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንደኛው ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው የኤክስፓንሽን ቫልቭ ሙቀት መለኪያ አምፖል ነው፤ የሚበራ ሳይሆን ትንሽ የብረት ቱቦ ነው። ከኢቫፖሬተሩ ወደ ኮምፕሬሰሩ በሚመለሰው ቱቦ ላይ በክላምፑ ጥብቅ ብሎ መታሰርና በመከለያ ፕላስተር መጠቅለል አለበት። ዙሪያውን ያለውን አየር ከለካ ቫልቩ ከመጠን በላይ ይከፍታል፣ ያልተነነ ፈሳሽም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ሁለተኛው የውኃ መውጫው ነው፤ ሳጥኑን ሲያሽጉ አብሮ የሚደፈንበት ጊዜ አለ። ሳጥኑ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት፤ ሁሉም በመውጫው ካልወጣ በኋላ ምንጣፉ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሲገጠም የቱቦዎቹ የላስቲክ ቀለበቶች (ኦሪንጎቹ) አዲስ ይሁኑ፣ በኮምፕሬሰር ዘይት ይቀቡ፤ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርም ይቀየር። ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይሳብ፣ ማለትም አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ይውጣ፣ ሌላ 30 ደቂቃ ይያዝ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ካልተነቃነቀ ጋዙ ይሞላል። በአሮጌው ጋዝ በአር-12 ይሠራ የነበረ መኪና ወደ ተተኪው አር-134ኤ ሲቀየር ለጋዙ የሚስማማ የኤስተር ዘይት ይፈልጋል፤ የጋዙ ልክም ከቀድሞው ክብደት ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ ነው።

መኪናውን የሚረከብ ሰው ቴርሞሜትር ይዞ ይምጣ። የውስጥ አየር ዝውውር ተመርጦ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ሆኖ፣ ቴርሞሜትሩ መሃለኛው የአየር መውጫ አፍ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይ። ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ካነበበ ሳጥኑ ታሽጓል፤ 18 ላይ ቆሞ ከቀረ ኪሱ እንደገና ይውረድ።

የመኪና ኤሲ ጥገና ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ