ጅራት የማታበቅል ክፍት ቦታ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ ሳይመለስ መክረሙ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ አቦ። ያቺን ክፍት ቦታ እየሞሉ የሚስቁባትን ጨዋታ ለሰፈር ልጆች በአማርኛ እንዴት እናዘጋጃት ላልከኝ፣ ይኸው።

አጨዋወቷን ታውቃለህ፦ አንዱ ጽሑፉን ደብቆ ይይዛል፣ ሌሎቹ ታሪኩን ሳያዩ «የቦታ ስም»፣ «ቁጥር» ሲባሉ ቃል ይሰጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ይነበባል። ሮጀር ፕራይስና ሌናርድ ስተርን አሜሪካ ውስጥ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲያስቧት ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይገባል። የእኛ ቃል ጅራት ያበቅላል። «ግመል» ያለህን «ግመሉ»፣ «በሬ» ያለህን «በሬው» እያልክ ስታርም ሳቁ ይበርዳል።

ስለዚህ ከክፍቱ ቦታ ኋላ «ን»ን ብቻ ፍቀድ፤ እሷ የትም ትለጠፋለች። ከፊት «በ»ም «ከ»ም አያስቸግሩም። ብዛት ካስፈለገህ ቁጥር አስቀድም፤ «ሰባት ግመል» ቢባል ማንም አይከፋውም። ግስ እንዳለ አትጠይቅ፣ «ሮጠ» ይሉህና ባለታሪኳ ሴት ትሆናለች። በ«መ» ወይም በ«ማ» የሚጀምር ድርጊት ጠይቅ፤ «መሮጥ ጀመረች» ይሄዳል። «ቅጽል» ካልካቸው ፈተና ይመስላቸዋል፣ «ምን ዓይነት?» በላቸው።

መነሻው ጽሑፍ ኮስታራ ይሁን፤ ራሱ ቀልድ ከሆነ የልጆቹ ቃል ውሃ ይበላዋል። ለምሳሌ የለገሃር ማስታወቂያ፦

«ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ___ የሚሄደው ባቡር በ___ ምክንያት ___ ሰዓት ይዘገያል። እስከዚያው አንድ አንድ ___ ___ ይዛችሁ በሩ ላይ ___ ትችላላችሁ።»

ሲሞላ፦

«ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ደቻቱ የሚሄደው ባቡር በፈጢራ ምክንያት 700 ሰዓት ይዘገያል። እስከዚያው አንድ አንድ ዓይናፋር ፍየል ይዛችሁ በሩ ላይ ማንኮራፋት ትችላላችሁ።»

ፍየሏን አስቂኝ ያደረጋት ያ «ትችላላችሁ» የሚለው የቢሮ ቃል ነው። መዝጊያውን ግስ በፍጹም አትክፈት።

ለአንድ ገጽ ከ10 እስከ 12 ክፍት ቦታ ይበቃል፤ ሲበዛ ታሪኩ ይጠፋል። ቃሎቹን በተራቸው አትጠይቅ፣ ብልጦቹ ይነቁብሃል። ፍየሏን ደግሞ ወደ መጨረሻው አንዴ መልሳት፤ መሬት ላይ የሚንከባለሉት ያኔ ነው።

ቤት የቆየ የሰርግ መጥሪያ ካለህ በእሱ ጀምር። የሙሽሮቹን ስም፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ክፈት፤ «በአክብሮት ጠርተንዎታል» የምትለዋን ብቻ አትንካት።

ወንድምህ፣ ከድሬ