ወይን ጠጇ ዶቃ፦ የማዕድን ክበብ የዓመት ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በጥቅምት ነው። ተመዝጋቢው ብዙ ነበር። ግማሹ ግን የመጣው ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፍረን የምንሸጥ መስሎት ነው። እንደማንሸጥ ሲታወቅ ሰዉ ሳሳ። የቀሩት 14 ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አጉሊ መነጽር 14 ሰውም ብዙ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ስለ ኦፓል ላስተምር ነበር ያሰብኩት። የወሎ ልጅ ሆኖ የደላንታን ኦፓል አለማወቅ ያሳፍራል ብዬ። በኅዳር ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አክስቷ ከጅዳ የላከችላትን የአንገት ዶቃ ይዛ መጣች። ወይን ጠጅ ናት፤ ሽምብራ ታክላለች። «አሜቲስት ናት ብላኛለች፤ እውነት ነው እንዴ ቲቸር?» አለችኝ። አሜቲስት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከበረ ድንጋይ ነው። እቅዴ እዚያ ላይ አበቃ።

ጥርጣሬ ነበረኝ። እኔው ራሴ አንድ ጊዜ አሜቲስት ተብዬ የገዛሁት ድንጋይ ጠርሙስ ሆኖ ተገኝቷል። ውስጡ የአየር አረፋ ነበረው፤ መስታወትም አልጫረም። የእሷን በመስታወት ልንሞክር ስንል «ትበላሽብኛለች!» ብላ ጨበጠቻት። አሜቲስት ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ዓይነት ነው፤ ጥንካሬው እስከ 10 በሚደርሰው የሞህስ መለኪያ 7 ስለሆነ የሚጫረው መስታወቱ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ስለዚህ በዓይን ብቻ ሆነ። መስኮት ሥር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ተራ በተራ አየናት። አረፋ የላትም። ቀለሟ ወጥ አይደለም። በአንድ በኩል ጠቆር ትላለች፣ በሌላው ውሃ ትመስላለች። መሃሏ ላይ ቀለሙ እንደ ጥለት በቀጥታ መስመር ይቆረጣል። ጠርሙስ እንዲህ አይሆንም። በፋብሪካ የተሠራ አሜቲስትም አለ፤ እሱን ከተፈጥሮው በእኛ መነጽር መለየት አይቻልም። ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ይዞን ሄደ። አሜቲስት የሚለው ስም የግሪክ ነው፤ «የማይሰክር» እንደማለት። ግሪኮች ድንጋዩን የያዘ ሰው መጠጥ አያሸንፈውም ይሉ ነበር። እነሱ የስካር ማርከሻ ያደረጉትን ቀለም እኛ በመጠጡ ስም ወይን ጠጅ አልነው! አንዱ ተማሪ «ጠላ ቤት ለሚያመሸው አጎቴ ይገዛለት» ሲል፣ ጓደኛው «እኛ ቤት አያስፈልግም፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ድንጋዩ ስካር ይከላከላል የሚለው የጠንቋዮች ውሸት ነው ብሎ ከጻፈ 1,900 ዓመት አልፎታል። ሌላም ተረት አለ። የወይን አምላኩ ባኮስ ያሳደዳት ልጃገረድ ድንጋይ ሆነች፣ እሱም ወይን አፈሰሰባት ይላል። የጥንት ግሪክ ነው እየተባለ ይወራል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1576 አንድ ፈረንሳዊ ገጣሚ ያወጣው ነው። ዲያቆን የሆነው ተማሪያችን ደግሞ ራእይ 21፥20ን አነበበልን፤ አሥራ ሁለተኛው የመሠረት ድንጋይ አሜቴስጢኖስ፣ ማለትም አሜቲስት ነው።

ድሮ የአሜቲስት ዋጋ ሩቢ ከሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ ጋር ይወዳደር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራዚል ውስጥ በገፍ ሲገኝ ረከሰ።

በጥር ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣን። የደቡብ ብራዚሉ አሜቲስት ያደገው እሳተ ገሞራ በተፋው ጥቁር ድንጋይ ሆድ ውስጥ ነው። የእኛም ተራራ ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ቡጢ የሚያክል አንስተን በመዶሻ ስንፈልጠው ሆዱ ክፍት ነው፤ ዙሪያውን ስኳር የመሰለ ነጭ ኳርትዝ ለብሷል። «ታዲያ ለምን ወይን ጠጅ አልሆነም?» አሉ። ኳርትዙ ውስጥ ትንሽ ብረት መግባት አለበት። ከዚያ አካባቢው ካለው ዓለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር በረጅም ዘመን ቀለሙን ያወጣዋል። ሙቀት ደግሞ ያጠፋዋል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ ብዙው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ ድንጋይ አብዛኛው እንዲህ የሞቀ አሜቲስት ነው። «እንደ ቡና ይቆላል በሉና!» አለ አንዱ። ፀሐይም ለረጅም ጊዜ ከመታው ያደበዝዘዋል ስል የዶቃዋ ባለቤት ዶቃዋን በሻሿ ጠቀለለቻት።

ወደ ኦፓል የተመለስነው በመጋቢት ነው። ኦፓልና አሜቲስት ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም የሲሊከንና የኦክስጅን ልጆች። አሜቲስት ውስጥ ቅንጣቶቹ በሰልፍ ይቆማሉ። ኦፓል ግን ጥቃቅን ድቡልቡሎች ናቸው፣ ውሃም አለባቸው። የደላንታዋ ከተማ የወገል ጤና ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቆፋሪዎቹ ገደል ላይ ጉድጓድ እየገቡ ነው የሚያወጡት፤ ሕይወት ይከፈልበታል። የደላንታው ልጃችን አጎቱ የሰጠውን ስባሪ አመጣ። ነጭ ነው፤ ሲዞር አረንጓዴና ቀይ ይረጫል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርነው። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ጠፋ፣ ድንጋዩ ራሱ እንደ ውሃው ጠራ። ልጁ «ቀለጠ!» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል ብዬ ባስረዳውም አላመነኝም። ወረቀት ላይ አድርገን አሰጣነው። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆኖ ቀለሙን መለሰ።

አሁን ቁምሳጥን ውስጥ በክብሪት ቀፎ ተቀምጧል። ላዩ ላይ በልጁ እጅ ጽሑፍ «ውሃ እንዳይነካው!!» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።