ኡሲክ ጊዜው አልፎበታል?

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የከባድ ሚዛኑ ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ዕድሜው ስለገፋ አብቅቶለታል የሚለው ወሬ እየተደጋገመ በመምጣቱ ይህን ለመጻፍ ወድጃለሁ። ሰውየው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በ38 ዓመቱ በዌምብሌይ ስታዲየም ከአሥር ዓመት በላይ የሚያንሰውን ዳንኤል ዱቧን በአምስተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎ በዝረራ አሸንፏል። ይሁን እንጂ ዛሬም በብቃቱ ጫፍ ላይ ነው ማለት ማጋነን ይመስለኛል፤ በ2010 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሙራት ጋሲዬቭን አሥራ ሁለት ዙር ሙሉ ያደከመው እግሩ አሁን እንደዚያ አይፈጥንም፤ የእግሩን ጉድለት የሚሞላለት ርቀት አጠባበቁና የተጋጣሚውን ሐሳብ ቀድሞ ማወቁ ነው።

መሐመድ አሊም (የልደት ቀናቸው እንኳ አንድ ነው) በመስከረም 1973 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ላይ ላሪ ሆልምስን ሲገጥም 38 ዓመቱ ነበር፤ ሆኖም ሦስቱም ዳኞች አሥሩንም ዙር ለሆልምስ ከሰጡ በኋላ የአሊ አሰልጣኝ አንጀሎ ዱንዲ ፍልሚያውን አስቁሟል። በእኔ እምነት ኡሲክንና አሊን የለያቸው የተቀበሉት ቡጢ ብዛት ነው፤ አሊ ከጆ ፍሬዘርና ከኬን ኖርተን ጋር ባደረጋቸው ረጃጅም ፍልሚያዎች ክፉኛ ተመትቷል። ስለዚህ የስፖርት ዘጋቢዎቻችሁ ስለ ኡሲክ ሲጽፉ ከልደት ዘመኑ ይልቅ በየዙሩ የሚያርፍበትን ምት ቢቆጥሩልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቦክስ ተከታታይ፣ ከአዲስ አበባ