ስለ ጠየቅኸኝ የሸራ ቦርሳ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ዓመታት ቢያልፉም ስምህ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። በእህትህ በኩል የላክህልኝ የቦርሳ ፎቶግራፍ ደርሶኛል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሰው የአሜሪካው የጀብዱ ፊልም ጀግና ኢንዲያና ጆንስ በፊልሙ ውስጥ ያነገተው ዓይነት ቦርሳ ነው እንዳለህና እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥልህ ጠይቀኸኛል። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠህ እንኳ ይህን ጥያቄ ለእኔ ማቆየትህ እጅግ አስደስቶኛል፤ ስለዚህ በአጭሩ አልመልስልህም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለዕይታ በበቃው «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» ኢንዲያና ጆንስን ሆኖ የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ከጃኬቱ ሥር ያነገተው ቦርሳ ለፊልሙ ተብሎ የተሰፋ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች የጋዝ መከላከያ ጭንብላቸውን ይይዙበት የነበረ፣ ማርክ 7 የሚባል የሸራ ቦርሳ ነው። የፊልሙ ባለሙያዎች የሸራ ማንገቻውን በቆዳ ማንገቻ ተክተውታል። ስለዚህ የቆዳ ማንገቻ ያለውን ቦርሳ አይቶ «ይህ ዋናው ነው» የሚል ሻጭ፣ በፊልሙ የታየውን መልክ እንጂ ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ እየነገረህ አይደለም።

አንተ የላክኸው ፎቶግራፍ ፊት ለፊቱን ብቻ ያሳያል። ክዳኑን ገልብጠህ ውስጡን በብርሃን ተመልከተው። በጦርነቱ ጊዜ የተሠራ ከሆነ የአምራቹን ስም ወይም ምኅጻር፣ የተሠራበትን ዓመትና የእንግሊዝ ጦር ንብረትነትን የሚያመለክተውን ወደ ላይ የተቀሰረ የቀስት ምልክት በቀለም ታትሞ ልታገኝ ትችላለህ። ቀለሙ ከሸራው ድርና ማግ ጋር አብሮ የደበዘዘ መሆን አለበት፤ ሸራው ተልጦ ሳለ ማኅተሙ ደማቅ ከሆነ ተጠራጠር። ቀጥሎ እጅህን ከተህ ክፍልፋዩን ፈልግ። የዚያን ጊዜው ጭንብል አየር ከሚያጣራው ጣሳ ጋር በጎማ ቱቦ የተያያዘ ነበር። ወታደሩ ጭንብሉን ሲያጠልቅ ጣሳው እዚያው ቦርሳው ውስጥ ይቀራል፤ ቦርሳው ከውስጥ የተከፈለውም ጣሳው እንዳይንከባለልና ጭንብሉን እንዳይጫነው ነው። የጋዝ አደጋ ሲያሰጋ ቦርሳው ደረት ላይ ከፍ ብሎ ይታሰርና በገመድ ከወገብ ጋር ይጠበቃል። ፎርድ ግን እንደ ተራ የትከሻ ቦርሳ ጎኑ ላይ ስላንጠለጠለው፣ ተመልካቹ የወታደር ዕቃ መሆኑን ሳያስተውል ያልፈዋል።

አሁን ወደ ዓመተ ምሕረቱ ልመለስ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነውና። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን ቦርሳው ግን የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ የጀርመን ወታደሮች የያዙት ኤምፒ 40 ጠመንጃም ቢሆን ከ1940 በፊት አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ጥቃቅን ስሕተት ቆጥሮ ይተወዋል፤ እኔ ግን ቦርሳውን በተመለከተ እንደዚያ ማለፍ አልቻልሁም። ያ ዓመት ለእኛ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ማይጨው ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች በአርበኛውና በገበሬው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የረጩበት ጊዜ ነው፤ ጣሊያን መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ሳለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ፣ 9፣ 15፣ 18 አውሮፕላኖች እየተከታተሉ የሚለቁት ጉም ያልተቋረጠ መጋረጃ ይሆን እንደነበር፣ ሰውንና ከብትን፣ ወንዙንና የግጦሹን መሬት ሁሉ እንደመረዘ አስረድተዋል። በባዶ እግሩ የዘመተው አብዛኛው ወታደራችን ጭንብል የሚባል ነገር በእጁ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 1938 ድረስ፣ ወደ 38 ሚሊዮን የሚጠጋ ጭንብል ለገዛ ሕዝቡ አድሏል። እንግዲህ ያ ቦርሳ በ1936 ታሪክ ውስጥ ያለ ጊዜው ሲገባ፣ በዚያው ዓመት መከላከያ አጥተው የተቃጠሉትን ሰዎች ያስታውሰኛል። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ያስቡታል ብዬ አልጠብቅም፤ የዕቃውን ምንነት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ሊያስበው ይገባል። ታሪኩ የሚሽከረከረው በታቦተ ጽዮን ዙሪያ መሆኑም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልሙ ታቦቱን በግብፅ ታኒስ ተቀብሮ አገኘሁት ይላል፤ እኛ ደግሞ አክሱም እንዳለ እያመንን ነው ያደግነው።

ስለ ጃኬቱ ብዙ አልልህም። የአልባሳቱ ባለሙያ ዲቦራ ናዱልማን አዲሱን የቆዳ ጃኬት በፎርድ የኪስ ቢላዋና በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገች ያረጀ አስመስላዋለች። ስለሆነም የጃኬት መፋቅና መሰንጠቅ ብቻውን ዕድሜን አይመሰክርም፤ ይልቅስ ከጀርባ ለእጅ መንቀሳቀሻ የተተወውን እጥፋትና በወገቡ ግራና ቀኝ ያሉትን ማጥበቂያዎች ማየት ይሻላል። ናዱልማን የጀግናውን አለባበስ ስታሰናዳ፣ ቻርልተን ሄስተን በፔሩ የተጫወተበትን የ1954ቱን «ሲክሬት ኦፍ ዘ ኢንካስ» ተመልክታለች፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታያቸው ባርኔጣው፣ ጃኬቱና ሱሪው ከየት እንደመጡ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል።

ባርኔጣውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው የለንደኑ የባርኔጣ ቤት ኸርበርት ጆንሰን ነው። እዚህ ላይ ልብ እንድትል የምፈልገው ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ለሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የተሠራ አንድ ባርኔጣ በሎስ አንጀለስ ጨረታ 630,000 ዶላር ተሽጧል። ባርኔጣው የተገኘው ፎርድን ተክቶ አደገኛውን ትዕይንት ይሠራ ከነበረው ከዲን ፌራንዲኒ ስብስብ ሲሆን፣ በውስጡ «አይ» እና «ጄ» የሚሉ የላቲን ፊደላት በወርቅማ ቀለም ታትመውበታል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚመረምሩ ሰዎች የፊልሙን ምስል አቁመው፣ የስፌቱን መዛባት፣ የጥብጣቡን አጣጣፍና የጠባሳውን ቦታ ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ ያስተያያሉ። ቆዳና ሱፍ በተፈጥሮው አንዱ ከሌላው ስለሚለይ፣ በአንድ ቀን ከተሠሩ አሥር ባርኔጣዎች መካከል ካሜራው ፊት የቆመውን መለየት ይቻላል። በጅምላ የተሠራ የጦር ቦርሳ ላይም ቢሆን መንገዱ ያው ነው፤ አንተ ያገኘኸው ግን የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ቦርሳ ሆኖ ቢገኝ ለእኔ በፊልም ከታየው አያንስም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስቸግርህ። በፊልሙ መጀመሪያ ኢንዲያና ጆንስ በአሸዋ ከረጢት ለውጦ የሚያነሣት የወርቅ ጣዖት መነሻዋ፣ እዚያው ዋሽንግተን በጆርጅታውን ዳምባርተን ኦክስ በተባለው ሙዚየም የሚገኝ፣ ስትወልድ የምትታይ ሴት የድንጋይ ቅርጽ ነው። የጥንት ዕቃ ሰብሳቢው ሮበርት ዉድስ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲገዛው ትላዞልቴኦትል የተባለች፣ የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ የአዝቴኮች አምላክ ምስል ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ግን ስሚዝሶንያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ተመራማሪ ጄን ማክላረን ዎልሽ የመቅረጫ መሣሪያው በድንጋዩ ላይ የተወውን አሻራ በረቂቅ ማጉያ መርምራ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ ሊሆን እንደሚችል አሳይታለች። ከፊልሙ ዕቃዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ የፊልሙ ጣዖት የተቀዳው ራሱ ጥንታዊ ላይሆን ከሚችል ዕቃ ነውና። ወደዚያ ሄደህ በዕይታ ላይ ካገኘኸው፣ በጥርሶቹና በጣቶቹ መካከል ያለውን መስመር በደንብ ተመልከትና የታየህን ጻፍልኝ፤ የቦርሳህን ክዳን ገልብጠህ ያነሣኸውን ፎቶግራፍም አብረህ ላክልኝ። ዓመቱ ከተነበበልህ በዚያው ሳምንት እመልስልሃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ
ከአዲስ አበባ