የኮንጎ ቀይ ከኮንጎ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ሰላም ነው? ደብረ ማርቆስ የጥለት ክር ነው የምሸጠው፣ ስለ ጨርቅ ማቅለሚያ ቀለም ያወጣችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው ግን የስሞቹን ነገር ዘላችሁታል። ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀመስ ቀይ ቀለም እኮ በፈረንጆቹ 1859 ፈረንሳዮች ጣሊያን ውስጥ ማጀንታ በምትባል ከተማ ላይ ኦስትሪያን በጦርነት ስላሸነፉ የወጣ ስም ነው፣ መጀመሪያ ፉክሲን ነበር የሚባለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኮንጎ ሬድ (የኮንጎ ቀይ) የሚባለው ማቅለሚያ ነው፣ ጀርመኖች በ1880ዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ የሠሩት ሲሆን ያኔ ነጮቹ በርሊን ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ሲደራደሩ ኮንጎ የሚለው ስም በየጋዜጣው ስለነበር ለገበያ ብለው ለጠፉበት እንጂ ከኮንጎ የመጣ ምንም የለውም (ነጋዴ ነኝና ብልጠቱ ይገባኛል፣ ግን ያናድዳል)። ቀለሙን የሚያስይዝ ሌላ ኬሚካል ሳያስፈልገው ጥጥን ቀጥታ ስለሚይዝ ተቸበቸበ፣ አሲድ ሲነካው ግን ወደ ሰማያዊ ይቀየራል። በሚቀጥለው አሊዛሪን ስለሚባለው ቀይ ማቅለሚያም ጻፉልን እስቲ።