የአባባን ድምፅ ቅዳልኝ

ሼፊልድ፣ ሐምሌ ማለቂያ

ታዴ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ለመጥፋቴ ሰበብ አልደረድርም። ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ በስድብም በቢራም ታወራርደዋለህ። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ ይሄኔ በቁመት በልጣህ ይሆናል፤ አንተን መብለጥ መቼም ከባድ አይደለም።

በል ወደ ጉዳዬ። ስሜን ስታየው «ይሄ ሰው ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንዳልክ አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ ፈልጌ ነው። ገንዘብ ግን አይደለም፣ አትደንግጥ። የሣር ጉዳይ ነው።

ለቅዳሴ አዳራሽ የሚያከራየን የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ከጓሮው 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር ነበረው። በየጊዜው በማሽን ሲላጭ የኖረ፣ ንብ እንኳ ዞር ብላ የማታየው ሣር። ቄሳቸው (ሴት ናቸው፤ እናቶቻችን እስካሁን ሲያዩዋቸው ማማተብ አልተዉም) ቦታውን የዱር አበባ መስክ ሊያደርጉት ፈልገው የሚሠራ ሰው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። የሱሉልታ ልጅ ሆኜ እንዴት ዝም ልበል? እነሱ ዘር ገዝተው፣ መጽሐፍ አንብበው የሚያመጡትን መስክ እኔና አንተ ከብት ስንጠብቅ ተንከባለንበታል።

ደግሞ ያሳዝናሉ። ድሮ እነሱም ለድርቆሽ የሚያጭዱት፣ አበባ የሞላበት መስክ ነበራቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በ50 ዓመት ውስጥ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 97 በመቶው ጠፋባቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእህል ታረሰ፤ ከዚያ ማዳበሪያ መጣና ከማረሻ የተረፈውን ጨረሰው።

እዚህ ላይ ነው አንተ የምትናደደው። ዕድሜህን ሙሉ ዳፕና ዩሪያ ስታከፋፍል፣ ገበሬውን «ኮምፖስት አዘጋጅ» እያልክ ስትጨቀጭቅ ኖረሃል። የዱር አበባ የሚዘራ ሰው ግን መሬቱ እንዲደኸይ ነው የሚለፋው። አፈሩ ከወፈረ ሣሩና ሳማው ጉልበት አግኝተው አበባውን ውጠው ያስቀሩታል። ስለዚህ ማዳበር ቀርቶ፣ ሣሩን ከነሥሩ፣ ከላይኛው ለም አፈር ጋር ገፈን አወጣነው። ያን ጥቁር አፈር በጋሪ ስንገፋ ያዩ አንድ የወሎ ሰው «ምን ዓይነት እብደት ነው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። በኋላ ግን አፈሩን ወደ ቤታቸው አስጭነው ጎመን ተከሉበት። ጎመኑ ደግሞ ልብ ያጠፋል።

የዘራነው በመስከረም ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ግራም ብቻ፤ ለጠቅላላው ቦታ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከዚያም ውስጥ በክብደት አራት አምስተኛው የቀጫጭን ሣር ዘር ነው፣ አበባው የቀረችው ናት። በባዶ እጅ ብትበትነው አንድ ቦታ ተከምሮ ያልቃል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ደግሞ ተሻግረህ ትዘራለህ። አሸዋው የት እንደወደቀ ስለሚታይ ያልደረሰህበትን ታውቃለህ። አፈር አይለብስም፤ ብዙው ዘር ብርሃን ካላየ አይበቅልም። እንደ ጤፍ ማሳ መረገጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከብት ከየት ይምጣ? ከቅዳሴ የወጡትን ልጆች ለቀቅናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው አሸዋና ጭቃ ላይ ሲዘሉ እናቶቻቸው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ደግሞ ቁጭ በልና ያዝ። አቀንጭራ ዘርቻለሁ።

እውነቴን ነው፤ የራሱ የአቀንጭራ የቅርብ ዘመድ። አንተ ቆቦ ስትሠራ ማሽላውን ከሥሩ እየመጠጠ ገበሬውን ያስለቀሰው የዚያው ቤተሰብ ነው። እዚህ የሎው ራትል ይሉታል። ቢጫ አበባ አለው፣ ቁመቱ ጉልበት ላይ ቢደርስ ነው፣ ሲያዩት ምንም የማያውቅ ይመስላል። ከመሬት በታች ግን ሥሩን የሣሩ ሥር ላይ ይለጥፍና ውሃውንም ምግቡንም ይጠጣዋል። ሣሩ ይቀጭጫል፣ ሣሩ በለቀቀው ክፍተት አበባው ይገባል። አንተ በመድኃኒትና በአረማ የምታሳድደውን እኔ በገንዘቤ ገዝቼ ዘራሁት! የአንተው ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ከርሞ ከተዘራ አይበቅልም። በዚያው ዓመት የተለቀመው ዘር ከክረምቱ በፊት መሬት መንካት አለበት፤ ወራት የፈጀ ብርድ ካልመታው አይነቃም። ዕድሜው አንድ ዓመት ስለሆነ ደግሞ ዘሩን ሳያራግፍ ካጨድከው ለከርሞ የለም። በሐምሌ ከረጢቱ ይደርቃል፤ ነቅነቅ ስታደርገው ጠፍጣፋው ዘር ውስጡ ሲንሿሿ ትሰማለህ። እኔም በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጎራ እያልኩ ስነቀንቅ ከረምኩ። ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያስቡ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ መከራዬ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የመስክ አበባ የሚባሉት ዘላቂዎቹ በመጀመሪያው ዓመት አያብቡም፤ ሥር ሲሰዱ ነው የሚከርሙት። ሰው እንዳይሰለች ብዬ የአንድ ዓመቶቹን ደባለቅኩበት፤ ቀዩን ፖፒ፣ ሰማያዊውን ኮርንፍላወርና ኮርን ማሪጎልድ የሚሉትን ወርቃማ ቢጫ። አምና በበጋቸው ጓሮው ነደደ ብልህ ይሻላል። ሰው ከሰርግ መጥቶ ፎቶ ተነሣበት። ከማኅበራችን አንዲት እማማ አሉ፣ ሁላችንን በቁንጥጫ የሚያስተዳድሩን፤ ያን ቢጫ ሲያዩ እልል አሉ። «አደይ! አደይ በቀለልን!» እኔ ቶሎ ብዬ «አይ እማማ፣ አደይ አይደለም፣ የሩቅ ዘመዷ ነው» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ አደይን እኔን ልታሳየኝ ነው?» አሉኝ፤ አለቀ። በሳምንቱ ከሊድስ ሳይቀር ሰው ደውሎ «አደይ አበቀላችሁ አሉ» አለን።

እነዚያ የአንድ ዓመት አበቦች የእህል ማሳ አረሞች ናቸው፤ መሬቱ በየዓመቱ ካልተገለበጠ አይመለሱም። ዘንድሮ መስኩ ነጭ ዴዚ በዴዚ ሆነ፣ ከሥር ቢጫው የሎው ራትል፣ ቀይ ማገጥ የመሰለ፣ ጎርጠብ (አዎ፣ ያው ቁስል ላይ እናትህ የሚያደርጉልን ጎርጠብ!)፣ አሁን ደግሞ ዘግይቶ የሚያብበው ሐምራዊ አበባ እየመጣ ነው። ለኔ ከአምናው ዘንድሮ ይበልጥብኛል። አምና የዘራሁትን ነበር ያየሁት፤ ዘንድሮ መስኩ በራሱ እየተደላደለ ነው። እማማ ግን ቢጫዋን ፈልገው አጧት። አምና በመስከረም ማለቂያ ጨርሰን ስለነበር ያጨድነው፣ ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው፦ «አጭደህ ጨረስካት።»

ብነግራቸው አይሰሙኝም። የ2012ቱን የለንደን ኦሎምፒክ ሁሉ ጠቀስኩላቸው፤ ትዝ ይልሃል ጥሩነሽ 10 ሺውን ስትወስድ ወንበር የሰበርክበት? ያኔ ስታዲየሙን ዙሪያውን ያስጌጠው ወርቃማ መስክ በዘር የተዘራ ነበር፤ ያቀዱትም የዚሁ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናይጄል ደኔትና ጄምስ ሂችመፍ ናቸው፤ ልክ ለጨዋታው እንዲያብብ ነው የዘሩት። «አየህ፣» አሉኝ እማማ፣ «እነሱ ለበዓል ያደርሳሉ፣ አንተ ለበዓል ታጭዳለህ።» አሁን ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ አበባ ከጓሮው እንዲለቅሙ ወስነዋል፤ እስከዚያ ድረስ ማጭድ እንዳይነካው ከልክለዋል። ኮሚቴውም ከእሳቸው ጋር ነው። ኮሚቴ መቼ ነው ከኔ ጋር የሆነው?

እኔ ደግሞ ማጨድ አለብኝ ታዴ። ከነሐሴ ካለፈ ዝናቡ ሣሩን ያስተኛዋል፤ የተኛው ሣር ይበሰብስና አፈሩን ያወፍራል፣ ከሥር ያለውን ቡቃያ ያፍነዋል። የሁለት ዓመት ልፋት ወደ ሣር ይመለሳል። ማጨድ፣ ዘሩ እንዲረግፍ ጥቂት ቀን እያገላበጡ እዚያው ማድረቅ፣ ከዚያ ጠራርጎ ማውጣት ነው፤ አንድ እፍኝ ድርቆሽ አይተውም። በመኸር በግ ቢገባበት ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር፤ ግጦ ያሳጥረዋል፣ በሰኮናው ዘሩን ይረግጠዋል። ይህን ሐሳብ ሳነሣ ወንዶቹ ሁሉ ደስ አላቸው፤ በኋላ ሳጣራ የእንቁጣጣሽ በግ መስሏቸው ነው።

ማጭድ ገዝቻለሁ። የእኛን ዓይነት አይደለም፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ቆመህ ከወገብህ እየዞርክ የምታጭድበት ነው። ስለቱን በመዶሻ ቀጥቅጠህ ታሳሳዋለህ፣ ከዚያ በረጠበ ድንጋይ ትስለዋለህ፤ ጤዛ ሳይረግፍ ማለዳ ላይ ነው የሚቆርጠው። አንተ ብታየኝ በሳቅ ትሞታለህ።

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። እማማ የተማረ ሰው አያምኑም፤ የገበሬ ሽማግሌ ግን ያምናሉ። አባትህ ያንን ጨፌ ስንት ዘመን አጨዱት! ክረምቱን ከብት ሳያስገቡ ዘግተው፣ በጥቅምት አጭደው፣ ድርቆሹን ለአዲስ አበባ ላም አርቢዎች አስጭነው፣ በዓመቱ መስከረም መስኩ ያው እንደገና ቢጫ ነው። ይህን በራሳቸው አንደበት ይንገሩልኝ። በስልክህ ድምፃቸውን ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። «ሣር ቢታጨድ አበባ አይጠፋም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ትበቃኛለች። በአማርኛ ይሁን፤ ኦሮምኛ ከጀመሩ እማማ አይሰሙም።

…ይህን ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። አባባ ደህና ናቸው አይደል? የሆነ ነገር ቢኖር ሰው ይነግረኝ ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር፤ ግን ማን ይነግረኛል፣ ከአንተ በቀር? ደህና ከሆኑ ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ደክሟቸው ከሆነም ተወው፣ አታስቸግራቸው፤ ደህና መሆናቸውን ብቻ ጻፍልኝ።

ሌላም ልጠይቃቸው የምፈልገው ነበር። ከወንዙ ጥግ አንዲት ቁራጭ ሳያጭዱ ይተዉ ነበር፤ ሁሉ ታጭዶ ሲያልቅ እንኳ አይነኳትም። እኛ ድብብቆሽ እንጫወትባት ነበር እንጂ ምክንያቱን አልጠየቅንም። እዚህ አንድ ጥግ ሳይታጨድ ማለፍ ለነፍሳትና ለዘግይቶ አባቢው ይጠቅማል ይላሉ። እኔም በአጥሩ በኩል፣ ሐምራዊው የበዛበትን ሦስተኛውን እጅ ለልጃገረዶቹ ልተው አስቤያለሁ። እማማ ግን «ሐምራዊ የዐቢይ ጾም ነው» ብለውኛል።

የአደይ ዘር ላክልኝ ልልህ ነበር፤ ተውኩት። የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሳይኖረው አይገባም፤ ቢገባም የራሳቸውን ሜዳ ለመመለስ በተዘራ ቦታ የኛን መዝራት ደስ አይለኝም። እማማ እንዳይሰሙ።

ፍልሰታ ሳይገባ ማጨድ እፈልጋለሁ፤ ከገባ በኋላ ሰው በየቀኑ ለቅዳሴ ይመጣልና አላመልጥም። ስለዚህ ቶሎ በል። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ

ማስታወሻ፦ ያ ቡናማ ጃኬቴ አሁንም አንተ ጋ ነው፤ አልረሳሁም። ብትለብሰውም ቅር አይለኝም፣ ብትሸጠው ግን እቀየምሃለሁ።