ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ ስለ 84ቱ ደረጃዎች

ይድረስ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የአእምሮ ጤና ክፍሉ አረጋውያን ሊወጡት በማይችሉት ፎቅ ላይ ስለመሆኑ ሦስት ደብዳቤ አስገብተናል። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ክብ ማኅተምም አርፎባቸዋል። መልሱ የመጣው ግን በቃል ነው፤ «አሳንሰሩ በግዥ ሂደት ላይ ነው»። አሁን ደግሞ የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሊሠራ እንደሆነ ሰማን። ምክንያቱ «አረጋውያን ተገልጋዮች የሉም» ነው አሉ።

አሉ እንጂ። ክፍሉ ያለው 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከምድር እስከ በሩ 84 ደረጃ አለ፣ ቆጥረነዋል። የደረጃው መደገፊያ ብረት 3ኛ ፎቅ ሲደርስ ያልቃል። ደረጃው በሚታጠፍባቸው ቦታዎች አንድም አግዳሚ ወንበር የለም።

አንድ ጉዳይ ብቻ እናንሳ። የ71 ዓመት እናት ናቸው፣ ለደም ግፊት ክትትል በየወሩ ይመጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ እህል አይወርድልኝም» እያሉ «የዕድሜ ነው» ተብለው ተመልሰዋል። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። ወገቤን፣ ጨጓራዬን፣ ልቤን አፈነኝ ይላል እንጂ፤ ይህን የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። በአራተኛው ወር አንዲት ትጉህ ነርስ የዘጠኝ ጥያቄውን የድባቴ (ዲፕሬሽን) መለያ መጠይቅ አውጥታ ጠየቀቻቸው። ውጤቱ ከ27ቱ 16 ሆነ። 10 ሲሞላ ክትትል እንደሚያስፈልግ እርስዎም ያውቁታል። ወደ 4ኛ ፎቁ ክፍል የመላኪያ ወረቀት ተጻፈላቸው። 2ኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፣ መንገድ ይዘጋሉ» አላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ታካሚዋ በቀጠሯቸው አልቀረቡም» የሚል ነው።

42 ደረጃ ድረስ ቀርበው ነበር፤ መዝገቡ ለዚያ መጻፊያ ቦታ የለውም።

ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። እዚሁ ተወልዶ ላደገ ጤነኛ ሰው ይህ አይከብደውም። በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞቻችን የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የማገዶና የከሰል ጢስ ለ40 ዓመት የጠገበ ሳንባ ግን ሌላ ነው፤ የደከመ ልብ ወይም የደም ማነስ ሲታከልበት መጠባበቂያው በሁለት ፎቅ ያልቃል። ከፍታ ብቻውን ድባቴ ያመጣል አንልም። አሜሪካ ውስጥ ከፍታን ከድባቴ ጋር ያያያዙ ጥናቶች አሉ፣ ምክንያቱ ግን እስካሁን ያከራክራል። የማያከራክረው አንዱ የድባቴ ምልክት አቅም ማጣት መሆኑ ነው። አቅም ላጣ ሰው መድኃኒቱን ጣሪያ ሥር መስቀል የማን ሐሳብ እንደነበር ብናውቅ ደስ ይለን ነበር።

ላይ የሚወጣ ስለጠፋ ታች ያሉት ባለሙያዎች እንደምንም ይሞክራሉ። ለእንቅልፍ ተብሎ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒት ይታዘዛል። ለወጣት ይሁን፤ ለአረጋዊ ግን ከተኛበት ሲነሳ የደም ግፊቱን ይጥላል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሐሳብ ያዛባል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሌሊት ለሽንት ተነስቶ መውደቅ፣ ዳሌ መሰበር ማለት ነው። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሴቲን ይሻላል፣ እሱም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአረጋውያን በ10 ሚሊ ግራም መጀመር ነው። ያለው የ20ው እንክብል ብቻ ከሆነ ቀን አሳልፎ መስጠት ይቻላል፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣምና። ታካሚው የግፊት መድኃኒቱን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ከሆነ (እኚህ እናት ይወስዳሉ) ሁለቱ ተደርበው በደም ውስጥ ያለውን ጨው (ሶዲየም) ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ከመጀመሩ በፊትና ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካልተለካ ሰውየው ይደናገራል፣ ይወድቃል፣ ያኔም «የዕድሜ ነው» ይባላል። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ይህ ቀድሞ ካልተነገረ ታካሚው በ10ኛው ቀን ያቋርጣል። ከዳኑ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት። ይህን ሁሉ የሚከታተለው ባለሙያ ያለው ላይ ነው።

የጣት ኦክስጅን መለኪያውም ነገር አለው። እናቶች ከደረጃ እንደወረዱ እያለከለኩ፣ በቀዘቀዘ ወይም እንሶስላ በነካው ጣት ይለካሉ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» ይባላል። አምስት ደቂቃ አስቀምጦ፣ ጣቱን አሙቆ፣ ንጹሕ ጣት መርጦ መለካት ገንዘብ አይጠይቅም። መቀመጫ ግን ይጠይቃል።

«ካልቻሉ ሆስፒታል እንልካቸዋለን» የሚለውን መልስ ተዉልን። ለአንዲት አዛውንት «አማኑኤል ይሂዱ» ማለት በሰፈራቸው ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ስህተቱ የሆስፒታሉ አይደለም፤ ስሙን መሳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን። ጤና ጣቢያ ላይ ክፍሉ የተከፈተው እኮ ለዚሁ ነበር።

ሕጉን ልናስተምርዎ አልመጣንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ብቻ ሳይሆን መራመድ ችለው ደረጃ ለማይችሉ ሰዎችም መግቢያ እንዲኖረው አዞ ነበር። «ደረጃ ለማይችሉ» የሚለው እዚያው ተጽፎ እያለ ክፍሉን 4ኛ ፎቅ የመደበው ሰው አንቀጹን ያነበበው እዚያው ላይ ቁጭ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በምድር ቤቱ መግቢያ በስተግራ ያለው ክፍል የተሰበሩ ወንበሮችና ያለፉ በዓላት ባነሮች ማከማቻ ነው። ወንበሮቹና ባነሮቹ 4ኛ ፎቅ ይውጡ፣ ትንፋሽ አያጥራቸውም። የባለሙያዋ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የካርድ ቁም ሳጥኑ ይውረዱ። አራት የጉልበት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የአሳንሰሩ ግዥ በሂደቱ ይቀጥል፤ አንቸኩልም።

የሥራ ቀኑን ለመቀነስ የተዘጋጀውን ደብዳቤ ከመፈረምዎ በፊት ግን ቢሮዎ ሳይሆን እዚያው 4ኛ ፎቅ በእግርዎ ወጥተው ይፈርሙት።

በመሃል አዲስ አበባ የሠራን ነርሶችና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ጥበቃ (2ኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ለሚቀመጡ እንዲያነቡላቸው)